ምዕራፍ አምስት፦ እንቅልፍ የማይሽረው ድካም

ኬሞ የሚወስድ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ስለ ማቅለሽለሹ ይናገራል። ፀጉሩ መርገፉን ይናገራል። አፉ ውስጥ ቁስል ከወጣበት ከፍቶ ያሳያል። ድካሙን ግን አያነሳም፤ «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ያልፈዋል። በሰቆጣ ዙሪያና በዋግ ኽምራ ደጋ ይህ ዝምታ ይበረታል። ድንጋያማ ተዳፋት አርሶ፣ ውኃ በጀርባው አዝሎ ዳገት ወጥቶ የኖረ ሰው ድካምን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ለሐኪም የሚነገር ሕመም ነው ብሎ አያስብም። ቢናገርም «ማን የማይደክም አለ?» መባሉ አይቀርም ብሎ ዝም ይላል።

እኔ የምለው ይህ ዝምታ መሰበር አለበት ነው። የኬሞ ድካም እንደ ትኩሳትና እንደ ቁርጠት የሚነገር፣ የሚለካና የሚታከም ሕመም ነው። ኬሞ ከሚወስዱ ሰዎች አብዛኞቹን ያገኛቸዋል፤ ብዙዎቹም ከማቅለሽለሹና ከሕመሙ ይልቅ ኑሯቸውን ያናጋው እሱ መሆኑን ይናገራሉ።

ገበሬ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ ውሎ ማታ ቢዝል፣ ራቱን በልቶ ከተኛ ጠዋት ጉልበቱ ይመለሳል። የኬሞ ድካም ግን ከተሠራው ሥራ ጋር አይመጣጠንም። ታማሚዋ ምንም ሳትሠራ ትዝላለች፤ ሌሊቱን ተኝታ አድራ ስትነሳ እግሯ አልሸከም ይላታል። ፊቷን ታጥባ ነጠላዋን እስክትደርብ ድረስ ትንፋሽ ያጥራታል። ድካሙ ጭንቅላትም ውስጥ ይገባል። ወጡ ላይ ጨው ጨምራ ይሁን አይሁን ይጠፋታል፤ የጀመረችውን ወሬ መሀል ላይ ትረሳዋለች። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ወይ ስንፍና ይመስለዋል፣ ወይ «አበቃላት» ብሎ ይሸበራል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ታማሚዋን ይጎዳል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን የሚያጠቃ መድኃኒት ነው። ካንሰሩ በፍጥነት ይባዛል፤ ደም የሚሠራው መቅኔም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ መቅኔውንም አብሮ ይመታዋል፤ ቀይ የደም ሴል ሲያንስ ደግሞ ወደ ጡንቻና ወደ አንጎል የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። ከዚህ በተጨማሪ ካንሰሩም ሕክምናውም ሰውነት ኢንፌክሽን ሲገባበት የሚያመነጫቸውን ዓይነት ኬሚካሎች ያስለቅቃሉ። ጉንፋን ሲጀምረን መላ አካላታችን የሚዝለው በእነዚህ ኬሚካሎች ነው፤ እዚህ ግን ለሳምንታትና ለወራት ይቆያሉ። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ሕመምና ሐዘን ይታከሉበታል። አልጋ ላይ የዋለ ጡንቻም እየሳሳ ይሄዳል።

በሰቆጣ ከፍታውም መታሰብ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ ናት። በእንዲህ ያለ ከፍታ የደም ማነስ ሲለካ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ቁጥር ላይ በዴሲሊትር ከ1 ግራም በላይ ተቀንሶ እንዲታይ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ አየሩ ስስ በሆነበት አገር ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ይሠራልና። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3500 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይበልጥም። እነዚህ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ተግባራዊ ምክር ይወጣቸዋል፤ የታማሚዋ ቁጥር ከሁሉ በፊት መወዳደር ያለበት ኬሞ ሳትጀምር ከነበራት ከራሷ ቁጥር ጋር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የደም ምርመራ ወረቀት እንደ መታወቂያ ተጠብቆ መቀመጥ አለበት።

አሁን አንዲት የሰቆጣ ዙሪያ እናት በምሳሌ እንከተል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ይዟታል። ሰቆጣ ላይ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ለኬሞ ግን ሪፈር ተጽፎላት ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም 720 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ መሄድ አለባት። የተሰጣት ሕክምና የተለመደው ነው፤ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በየ21 ቀኑ አራት ዙር፣ ከዚያ ፓክሊታክሰል።

ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው፤ ታማሚዎች «ቀዩ መድኃኒት» ይሉታል። ቀስ ተብሎ በደም ሥሯ ይገባል። በዚያው ቀን ሽንቷ ይቀላል፤ አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ደም መስሏት ትደነግጣለች። እንዳያስመልሳት ከኬሞው ጋር ዴክሳሜታዞን ይሰጣታል። ይህ መድኃኒት ያነቃቃል፣ ምግብ ያስበላል፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ ይነሳል። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ አገሯ ስትመለስ ሰውነቷ የቆመው በዚህ በተበደረችው ጉልበት ነው። ቤቷ ስትገባ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ «ተመስገን፣ እንዲህ ሆነሽ መጣሽልን» ይባላል። እሷም ቁጭ ብላ ትጫወታለች፤ እንግዳ ቤቷ ሞልቶ እንዴት ትተኛ?

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የዴክሳሜታዞኑ ኃይል ያልቅና ትወድቃለች። ከአልጋ መውረድ ያቅታታል። አገሬው ያያት ደህና ሆና ነበር፤ የወደቀችው ደግሞ ሰው ሁሉ ባያት ማግስት ነው። «ዓይን ወጋት» ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈለግም። በእኔ እምነት ካንሰር ማዕከል ውስጥ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ ርካሹና ብዙ ጭንቀት የሚያስቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «በሦስተኛው ቀን ግድም ትደክሚያለሽ፣ መድኃኒቱ ነው፣ ይመለስልሻል»። ይህ ለታማሚዋ ብቻ ሳይሆን አብሯት ለመጣው አስታማሚም ተደግሞ ሊነገር ይገባል፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ከሆነም በኽምጣኛ። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም እናት ልጇ እንዳይጨነቅ ስለምትደብቅ፣ ቢቻል አስተርጓሚው ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል በጣም ዝቅ ይላል። በእነዚህ ቀናት ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ እንደ ተራ ድካም ታይቶ አያድርም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ቴርሞሜትር ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት አታላይ ነው። ጉልበት ይመለሳል። ሁለት ሳምንት የተቆለለ ሥራ ይጠብቃታል፤ እህሉ አልተለቀመም፣ ልብሱ አልታጠበም፣ ልጅቷ ያቦካችው ሊጥ ኮምጥጧል። «ዛሬ ደህና ነኝ» ብላ በአንድ ቀን ሁሉንም ልትጨርስ ትነሳለች፤ ጠላ ትጠነስሳለች፣ ምጣድ ጥዳ ጭስ ውስጥ ትውላለች። በማግስቱ እንደገና አልጋ ላይ ናት፤ ቀጣዩን ዙር የምትጀምረውም ጉልበቷ ሳይሞላ ነው። ድካሙ ከዙር ወደ ዙር እየተደራረበ የሚሄደው በመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለው መውደቅና መነሳትም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መለካት። ሆስፒታሎች ከ0 እስከ 10 ባለ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ 7ና ከዚያ በላይ ብርቱ ድካም ነው። በወረቀት ቁጥር ላልለመደ ሰው በአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ውስጥ የሚሠራበት የእጅ መለኪያ ይቀላል። የተጨበጠ እጅ ምንም የለም ማለት ነው፣ አምስት ጣት የከፋው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እማዬ፣ ዛሬ ስንት ጣት ነው?» ብሎ ቢጠይቅና መልሷን ደብተር ላይ ቢጽፍ፣ በቀጠሮ ቀን ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው «ደህና ነኝ» ሳይሆን የ21 ቀን መዝገብ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ መራመድ። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም «ዕረፉ» ይሉ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኦሃዮ ሜሪል ዊኒንግሃም የተባሉ ነርስና ባልደረቦቻቸው ኬሞ ላይ ያሉ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን በቆመ ብስክሌት ማለማመድ ሲጀምሩ ሐሳቡ ድፍረት ነበር። ሴቶቹ አቅማቸው ጨመረ እንጂ አልወደቁም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃማ ኦንኮሎጂ መጽሔት ላይ የወጣ ትንታኔ ደግሞ 113 ጥናቶችንና ከ11 ሺህ በላይ ታማሚዎችን አንድ ላይ አይቶ፣ የካንሰር ድካምን በመቀነስ የሰውነት እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ድጋፍ ከመድኃኒት እንደሚበልጡ አሳይቷል። ምክንያቱ ለማስተዋል አይከብድም፤ አልጋ ላይ የሰነበተ ጡንቻ ይሳሳል፣ የሳሳ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፣ ሰውየውም ይበልጥ ይተኛል።

የዋግ ሴት ግን «ተራመጂ» ስትባል ግራ ቢገባት አይፈረድባትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ የሄደች ናት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሃያ ሊትር ጄሪካን አዝሎ ዳገት መውጣት ጉልበት ይጨርሳል፤ እጅን ባዶ አድርጎ፣ ሜዳ መርጦ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ለአሥር ደቂቃ መሄድ ጉልበት ይሠራል። በየአምባውና በየሸለቆው መሀል ሜዳ መንገድ ማግኘት ቀላል ባይሆንም፣ የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ወይም ከቤቱ ጀርባ ያለው እርከን ይበቃል። መጠኑን የምታውቀው በትንፋሿ ነው፤ እየሄደች ማውራት ከቻለች ልክ ነው፣ ቃል ከተቆራረጠባት ትቀንስ። በወደቀችባቸው ቀናት ከአልጋ እስከ በር ከበር እስከ አልጋ ይበቃል። ሲሻላት በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመረች፣ በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ሰዓት ብትደርስ ጥናቶቹ ጥቅም ያዩበት መጠን ላይ ደረሰች ማለት ነው። ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የደም መፍሰስ ካለ፣ ወይም ካንሰሩ ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ከሆነ ግን ሳይጠየቅ አይጀመርም።

ጉልበት ለመራመድ እንዲተርፍ ከሌላ ቦታ መቆጠብ አለበት። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ወፍጮ ቤት መሄድና እንጀራ መጋገር ለስድስት ወር ያህል ከእሷ ትከሻ መውረድ አለባቸው። ይህን በገንዘብ መግዛት የሚችል ቤት ጥቂት ነው። አገሩ ግን ደቦና ወንፈል ያውቃል፤ ለአጨዳ የሚጠራው ጉልበት ለታመመች ጎረቤት ጄሪካን ቢሞላ ባህሉ አይፈርስም። ጠያቂውም እንዲሁ ነው። በእኛ ዘንድ የታመመ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ታማሚዋ ለእያንዳንዱ እንግዳ ቀና ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የበሽታዋን ታሪክ ከመጀመሪያው ስትናገር ትውላለች። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «አሁን ተኝታለች፣ በሚመጣው ሳምንት ይጠይቋት» ቢል ነውር አይደለም። ጠያቂ ሁሉ በሦስተኛው ሳምንት ቢመጣ፣ ሲመጣም እንጀራ ወይም አንድ እንስራ ውኃ ቢይዝ፣ ሕክምና አገዘ ማለት ነው።

የተቆጠበው ጉልበት የሚውልበትን ራሷ ትምረጥ። ነሐሴ 16 የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ሲገባ ልጇን ሹሩባ ሠርታ፣ አልብሳ መላክ የምትፈልግ እናት፣ በዚያ ሳምንት ወጥ ሠሪው ሌላ ሰው ቢሆን አትጎዳም። የወር ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ማሳለፍ የምትፈልግ በዋዜማው ትረፍ፤ ቅዳሴውን ቁጭ ብላ ብታስቀድስ ማንም አይከለክላትም።

ሻደይ የሚገባው የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ዕለት መሆኑ ወደ ጾም ያመጣናል። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛ እንዲጾም አታስገድድም፤ የንስሐ አባት ሊፈቅዱ ይችላሉ። ብዙ ታማሚዎች ግን ቢፈቀድላቸውም ልባቸው እሺ አይልም፤ ይህን መናቅ አይገባም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይቶ ማየት ይረዳል፤ ከሥጋና ከወተት መከልከል አንድ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አለመቅመስ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ያልተወች ሴት ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሱፍና ተልባ እየበላች ልትቋቋመው ትችላለች፤ ሁለተኛው ግን ለኬሞ ታማሚ አደገኛ ነው፤ ውኃ ያጣ ሰውነት ድካሙ እጥፍ ነውና። በፍስክ እንቁላል፣ የፈላ ወተትና በደንብ የበሰለ ሥጋ፣ ከተከዜ የሚመጣ ዓሣ ከተገኘም እሱ፤ በትንሽ በትንሹ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ። በዋግ ማር የተበጠበጠ በሶ ለማኘክ አቅም ላጣ ሰው ጥሩ ነው። ቀይ ሥር «ደም ይተካል» ተብሎ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ምግብነቱ መልካም ነው፣ ኬሞ ያደከመውን መቅኔ ግን አይተካውም። ደም ማነሱ የብረት እጥረት ከሆነ የብረት ክኒን፣ በጣም ከወረደ ደም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚወስነው ምርመራ ነው።

ጠበል ለሚሄዱ ደግሞ፦ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ለኬሞም መንገድ ያሳያል። የሚያሰጋው ቀጠሮ ማሳለፉ፣ በባዶ ሆድ መሰንበቱና ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሳምንት በሰው በተጨናነቀ ቦታ በብርድ መጠመቁ ነው፤ ሦስተኛውን ሳምንት መርጦ መሄድ ይቻላል።

እንቅልፍን በተመለከተ ከሰዓት በኋላ የሚፈላው ቡና ወደ ጠዋት ቢዞር፣ የቀን እንቅልፍም ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ ሌሊቱ ይሻሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ያልተነገረው እውነት ነው። በአገራችን ቤተሰብ የበሽታውን ስም ከታማሚው ይደብቃል፤ ከፍቅር የመነጨ ነው። ሆኖም ምን እንደያዛት፣ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደተሰጣት የማታውቅ ሴት ጉልበቷ ሲከዳት የምታስበው ሞትን ብቻ ነው። ሐዘኑ ራሱ ያዝላል። ድካሙ ከመድኃኒቱ መምጣቱን ያወቀች ሴት ግን ቀን ትቆጥራለች። ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ምግብና ሰው ካስጠላት፣ ያ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ መድኃኒትም ምክርም አለው።

ሐኪሙም ሁሉን ነገር በኬሞ እንዳያመካኝ። ከዝቋላና ከአበርገሌ ቆላ፣ ከተከዜ ዳር ለመጣ ታማሚ ድካምና ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል። ቲቢ፣ የአንጀት ትላትል፣ የታይሮይድ ችግርም እንዲሁ ያደክማሉ፤ ሁሉም ይታከማሉ።

ጉዞው ራሱ ጉልበት ይበላል። ብዙ ታማሚ ሌሊት ተነስቶ፣ ቀን ሙሉ ተጉዞ፣ ማዕከሉ ሲደርስ «የደም ቁጥርህ ወርዷል፣ ከሳምንት በኋላ ተመለስ» ይባላል። ከጉዞው በፊት ሰቆጣ ላይ ደም ተመርምሮ ውጤቱ በስልክ ለካንሰር ሐኪሙ እንዲነገር አስቀድሞ መስማማት ይህን ሊያስቀር ይችላል። አዲስ አበባ ለሚሄዱ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር ከክልል ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል፤ ማኅበሩን በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው። ኬሞ በወሰዱበት ቀን አውቶቡስ ላይ ከመውጣት አንድ ሌሊት አርፎ መነሳት፣ ሲሄዱም ውኃና ዳቦ መያዝ፣ ቢቻል ከፊት ወንበር መቀመጥ ትንሽ የሚመስል ግን የሚታወቅ ልዩነት ያመጣል።

የመጨረሻው ዙር ሲያልቅ ቤተሰብ «ዳነች» ብሎ ጄሪካኑን ይመልስላታል። ድካሙ ግን ከኬሞው ጋር በአንድ ቀን አይወጣም፤ ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ በአንዳንዱ ሰው ላይም ከዓመት ያልፋል። ስለዚህ ኬሞዋ መስከረም ላይ የሚያልቅ ሴት ለኅዳሩ አጨዳ መቆጠር የለባትም፤ ጎረቤቱም ወንፈሉን ቢያንስ እስከ ጥር ይቀጥል። በየቀጠሮው የእጅ መለኪያውን ማሳየቷን እሷም አታቋርጥ፤ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ጣቶቹ ካልቀነሱ ሐኪሙ ደሟን፣ ታይሮይዷንና ልቧን እንደገና መመርመር አለበት፤ ቀዩ መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ልብን ያደክማልና።